ከአትላስ ሥር ያለው ውሃ፦ የተበከለን የከርሰ ምድር ውሃ የማጽዳት መጪ ዘመን

ለሕዝብ የቀረበ ንግግር ጽሑፍ። በንግግሩ ማብቂያ ከተነሡት ጥያቄዎች ሁለቱ ከነመልሳቸው በመጨረሻ ተያይዘዋል። «እ.ኤ.አ.» ካልተባለ በቀር ዓመታቱ በኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።



ስለ ከርሰ ምድር ውሃ የሚናገር ሰው አንድ ችግር አለበት፤ የሚናገርለትን ነገር ለአድማጩ ማሳየት አይችልም። ወንዝ ሲቆሽሽ ይታያል፣ ይሸታል፣ ድልድይ ላይ የቆመ ሁሉ ይመሰክርበታል። ከእግራችን በታች ያለው ውሃ ግን ሲበከልም ሲጸዳም ድምፅ የለውም። ስለዚህ ንግግሬን ከምናውቀው ቦታ፣ በኡራኤል፣ በሃያ ሁለት ማዞሪያና በቦሌ መድኃኔ ዓለም መካከል ከሚገኘው ከአትላስ ሠፈር እጀምራለሁ።

በአትላስ መንገድ የሚሄድ ሰው ከሚያያቸው ነገሮች አራቱን ልጥቀስ። አንደኛ፣ ለሕንጻ መሠረት የተቆፈረ ጥልቅ ጉድጓድና ያቆረውን ውሃ ወደ መንገድ ዳር ቦይ የሚገፋ ፓምፕ። ሁለተኛ፣ የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ በየጣሪያው የተደረደሩ ሮቶዎች፤ አቅም ያለው ባለ ሕንጻም የራሱን ጉድጓድ ያስቆፍራል። ሦስተኛ፣ ነዳጅ ማደያው፣ ጋራዡና ላቫጆው። አራተኛ፣ ከግቢ ግቢ እየዞረ የሽንት ቤት ጉድጓድ የሚመጥጠው መኪና።

እነዚህ አራት ነገሮች በላይ ሲታዩ የማይተዋወቁ ናቸው። ከመሬት በታች ግን አንድ ገበታ ላይ ይቀርባሉ። ዛሬ የምጠይቀው ጥያቄም ከዚህ ይነሣል፦ ይህ ውሃ ከተበከለ በኋላ ማጽዳት ይቻላል? ከተቻለስ በምን፣ በስንት ጊዜ፣ በማን ወጪ?

ውሃው ከየት ይመጣል፣ ወዴት ይሄዳል

አዲስ አበባ እሳተ ገሞራ በሠራው ምድር ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በሰሜን የእንጦጦ ሰንሰለት ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ይላል፤ በደቡብ የአቃቂ ሜዳ ወደ 2,100 ሜትር ዝቅ ይላል። ከሰኔ እስከ መስከረም የሚጥለው ክረምት ከፊሉ በወንዞች ይሄዳል፣ ከፊሉ ይተናል፣ ጥቂቱ ወደ ምድር ይሰርጋል። የሰረገው ውሃ በአጠቃላይ አነጋገር የመሬቱን ዘቅዛቃነት ተከትሎ ከሰሜን ወደ ደቡብ ይጓዛል። አትላስና ቦሌ ከላይ ከእንጦጦ፣ ከታች ከአቃቂ፣ በዚህ ጉዞ መካከል ናቸው።

የሚጓዝበት አለት አንድ ዓይነት አይደለም። ባዛልት፣ ኢግኒምብራይትና ትራካይት የሚባሉት አለቶች ራሳቸው ጠንካራና ውሃ የማያሳልፉ ቢሆኑም ስንጥቅ አላቸው፤ ውሃው የሚሮጠው በስንጥቁ ነው። በአቃቂ አካባቢ ደግሞ ግንበኞች «ሬድ አሽ» የሚሉት፣ ቀዳዳ የበዛበት ቀይ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አለ። ይህ ድንጋይ ውሃን እንደ ሰፍነግ ይይዛል፣ እንደ ወንፊትም ያሳልፋል። የአዲስ አበባ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች ጎን ለጎን ከተማዋን የሚያጠጣባቸው የአቃቂ ጉድጓዶች የተቆፈሩት በዚህ ምክንያት ነው። ውሃን በቀላሉ የሚሰጥ አለት ግን በካይንም በቀላሉ ይቀበላል። ይህ የአቃቂ ጸጋም ስጋትም ነው።

በቦሌና በምሥራቃዊው የከተማው ክፍል በአለቱ ላይ የተነጠፈ አንድ መከላከያ አለ፤ መረሬ አፈር። መሐንዲሶች አይወዱትም፤ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ግድግዳም ይሰነጥቃል። ለከርሰ ምድር ውሃ ግን እርጥብ ሲሆን እንደ ክዳን ያገለግላል፤ ከላይ የፈሰሰው ወደ ታች እንዳይወርድ ያዘገያል። ለሕንጻ መሠረት ሁለትና ሦስት ወለል ያህል ስንቆፍር መረሬውን ጠርገን የተሰነጠቀውን አለት እናገኛለን። በሌላ አነጋገር ማሰሮው ሳይነካ ክዳኑን አነሣን ማለት ነው። ግንባታው ሲያልቅ ሁሉም ቦታ በሲሚንቶ ይሸፈናል፤ ሆኖም ከወለሉ ሥር የሚቀበረው የፍሳሽ መያዣ ከቀድሞው ይልቅ ለአለቱ ቀርቧል።

ሦስት በካዮች፣ ሦስት ጠባዮች

«ብክለት» የሚለው አንድ ቃል ብዙ ነገር ይሸፍናል። የማጽጃው መንገድ የሚመረጠው በበካዩ ጠባይ ስለሆነ ሦስቱን ለይተን እንያቸው።

የመጀመሪያው ናይትሬት ነው። ምንጩ በዋናነት የሰው ልጅ ሽንትና ዓይነ ምድር ነው። ከከተማዋ ቤቶች ብዙዎቹ ከፍሳሽ መስመር ጋር ሳይገናኙ ለረጅም ዘመን በጉድጓድ ሽንት ቤትና በሴፕቲክ ታንክ ኖረዋል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ምድር ተመራማሪዎች፣ ከእነርሱም መካከል ታምሩ ዓለማየሁ፣ የከተማዋን ምንጮችና ጥልቀት የሌላቸውን ጉድጓዶች ሲመረምሩ በመሐል ከተማ ከፍተኛ ናይትሬት ያገኙት በዚህ ምክንያት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 50 ሚሊግራም ነው፤ ወሰኑ የተቀመጠው በተለይ ጡጦ የሚጠቡ ሕፃናትን ደማቸው ኦክስጅን እንዳይሸከም ከሚያደርግ ሕመም ለመጠበቅ ነው።

ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። አንድ አዋቂ ሰው በዓመት 4 ኪሎ ግራም ገደማ ናይትሮጅን ያስወግዳል። ይህ ሁሉ ወደ ናይትሬት ቢለወጥና ወደ ውሃው ቢወርድ 350 ሜትር ኪዩብ ያህል ንጹሕ ውሃን እስከ ወሰኑ ድረስ ለመበከል ይበቃል። አምስት ሰዎች ያሉት ቤተሰብ 1,750 ሜትር ኪዩብ፣ በየዓመቱ። በእርግጥ ሁሉም አይወርድም። ነገር ግን የከተማውን ሕዝብ ብዛት አስባችሁ ብታባዙት ጉዳዩ የአንድ ጥፋተኛ ጉዳይ እንዳልሆነ ትረዳላችሁ። ናይትሬት በውሃ በሚገባ ይሟሟል፣ ከአለት ጋር አይጣበቅም፤ ውሃው በደረሰበት ይደርሳል።

ሁለተኛው ነዳጅ ነው። ቤንዚን ብለን ከማደያ የምንቀዳው ነዳጅ ቤንዜን የሚባል፣ ካንሰር የሚያመጣ ውህድ አለበት። የጤና ድርጅቱ ወሰን በሊትር 0.01 ሚሊግራም ነው። ከነዳጁ መቶኛው እጅ ቤንዜን ቢሆን በአንድ ሊትር ውስጥ 7 ግራም ገደማ ይኖራል፤ ይህም 700,000 ሊትር ውሃን፣ ማለትም ባለ 10,000 ሊትር 70 ቦቴዎችን፣ እስከ ወሰኑ ለማድረስ ይበቃል። የተቀበረ ታንክ በቀን አንድ ብርጭቆ ቢያንጠባጥብ በቆጣሪ አይታወቅም። የሚያጽናናው ነገር ነዳጅ የባክቴሪያ ምግብ መሆኑ ነው፤ ወደዚህ እመለሳለሁ።

ሦስተኛው ክሮሚየም ነው። ቆዳ ለማልፋት የሚያገለግለው ክሮሚየም ሦስት በአብዛኛው ከደለል ጋር ተጣብቆ የሚቀመጥ ነው። ሁኔታዎች ሲለወጡ ግን፣ ለምሳሌ ማንጋኒዝ ካለበት ማዕድን ጋር ሲገናኝ፣ ከፊሉ ወደ ክሮሚየም ስድስት ይለወጣል፤ ይህ በውሃ ይሟሟል፣ ሩቅ ይጓዛል፣ መርዛማም ነው። በአቃቂ ወንዝ ገባሮች ዳር የተተከሉት የቆዳ ፋብሪካዎች ለዘመናት የለቀቁት ፍሳሽ እስከ አባ ሳሙኤል ድረስ ወርዷል። በዚያው ወንዝ ቆስጣና ሰላጣ እንደሚለማ ሁላችንም እናውቃለን። ወንዙ ከፍ ብሎ የከርሰ ምድሩ ውሃ ዝቅ ባለበት ቦታ ደግሞ ወንዙ ራሱ ወደ ታች ይሰርጋል።

ዓለም በብዙ ገንዘብ የተማረው

በኢንዱስትሪ የቀደሙት አገሮች የከርሰ ምድር ውሃን ማጽዳት የጀመሩት ባለፉት ሃምሳ ዓመታት ነው። በአሜሪካ በኒውዮርክ ግዛት በላቭ ካናል ሠፈር የተቀበረው የኬሚካል ቆሻሻ እ.ኤ.አ. በ1978 አገር ካስደነገጠ በኋላ በ1980 ሱፐርፈንድ የሚባለው ሕግ ወጣ። የጊዜው መፍትሔ ቀላል ይመስል ነበር፤ ውሃውን በፓምፕ ማውጣት፣ ከመሬት በላይ ማጣራት፣ መልሶ መልቀቅ።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ውጤቱ ያማረ ይመስላል፤ የበካዩ መጠን በፍጥነት ይወርዳል። ከዚያ መውረዱን ያቆማል። ፓምፑ ሲዘጋም እንደገና ይወጣል። ለምን? ለዚህ ከእናቶቻችን ጓዳ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ለዓመታት ጠላ የተጠመቀበትን ጋን በግራዋ አሽታችሁ እጠቡት፣ አጥኑት፤ በማግሥቱ ንጹሕ ውሃ ሞልታችሁ ብታሳድሩት ውሃው ጠላ ጠላ ይላል። ጠላው ከጋኑ ገጽ ላይ ታጥቧል፤ ወደ ሸክላው ውስጥ የገባው ግን ቀስ እያለ ይወጣል። አለትም እንዲሁ ነው። ውሃ በስንጥቁ ይሮጣል፤ በካዩ ግን በስንጥቁ ግራና ቀኝ ወዳለው ጥቃቅን ቀዳዳ በዝግታ ይሰርጋል። ስንጥቁን ስናጥብ አለቱ የያዘውን መልሶ ይሰጣል። ለመግባት ሃያ ዓመት የፈጀበት ለመውጣት ከሃያ ዓመት በላይ ይፈጅበታል።

እ.ኤ.አ. በ2013 የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ባወጣው ዘገባ በአገሪቱ ብክለት የቀረባቸው ቦታዎች ቢያንስ 126,000 እንደሆኑ፣ ለማጠናቀቅ የሚያስፈልገውም ከ110 እስከ 127 ቢሊዮን ዶላር እንደሚገመት ገለጸ። ከቦታዎቹም አሥር እጅ የሚሆኑት በመጪዎቹ 50 እስከ 100 ዓመታት ውስጥ እንኳ ወደ ቀድሞ ንጽሕናቸው ይመለሳሉ ተብሎ እንደማይጠበቅ አስታወቀ። ይህን የሚለው ገንዘብም፣ ባለሙያም፣ ሕግም ያለው አገር ነው። በካሊፎርኒያ በሂንክሊ መንደር አንድ የጋዝ መግፊያ ጣቢያ እ.ኤ.አ. ከ1952 እስከ 1966 ክሮሚየም ስድስት ያለበትን ውሃ ወለላቸው ባልተሸፈነ ኩሬዎች አፈሰሰ። የአሥራ አራት ዓመት ፍሳሽ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላም ተጸድቶ አላለቀም።

አበው «ቆመው የሰቀሉትን ቁጭ ብለው ለማውረድ ይቸግራል» ይላሉ። በከርሰ ምድር ውሃ ነገሩ ይብሳል፤ የሰቀሉት አንዶች ሆነው የሚያወርዱት የልጅ ልጆቻቸው ይሆናሉ።

ወደፊት የሚያመለክቱ ሦስት መንገዶች

ከዚህ ትምህርት በኋላ የሙያው ትኩረት ውሃውን ከማውጣት ይልቅ በካዩን ባለበት ቦታ ወደማጥፋት ዞሯል። ሦስቱን ዋና መንገዶች ከእኛ ምድር ጋር እያስተያየሁ ላብራራ።

አንደኛው ተፈጥሮን በቅርብ መከታተል ነው። በሚኒሶታ ግዛት በበሚጂ አቅራቢያ እ.ኤ.አ. በ1979 የድፍድፍ ዘይት ቧንቧ ፈነዳ። ሳይንቲስቶች ቦታውን የምርምር ጣቢያ አድርገው ለአሥርተ ዓመታት ሲከታተሉ ባክቴሪያዎች ዘይቱን እየተመገቡ ብክለቱ ሩቅ እንዳይሄድ እንደገቱት አረጋገጡ። ክትትል የሌለው «ተፈጥሮ ያጸዳዋል» ግን ሳይንስ ሳይሆን መተው ነው። ለአትላስ ማደያዎችና ጋራዦች ይህ መንገድ ሊሠራ የሚችለው ሁለት ነገር ሲሟላ ነው፤ የሚያንጠባጥበው ታንክ ሲጠገን፣ ከታንኩ ሥር ወደ ደቡብም መመልከቻ ጉድጓዶች ሲቆፈሩ።

ሁለተኛው ባክቴሪያን መመገብ ነው። ክሮሚየም ስድስት ምግብ ያገኙ ባክቴሪያዎች ኦክስጅኑን ሲጨርሱ ወደማይጓዘው ክሮሚየም ሦስት ይመለሳል። ለዚህ ምግብነት በሂንክሊ አልኮል፣ በሌሎች ቦታዎችም ሞላሰስ ወደ ምድር ተጨምሯል። ሞላሰስ ከወንጂና ከመተሐራ ስኳር ፋብሪካዎች የምናውቀው ተረፈ ምርት ነው። ናይትሬትንም ባክቴሪያዎች ወደ አየሩ ናይትሮጅን ይለውጡታል፤ በኒውዚላንድና በካናዳ የተሞከሩት ዘዴዎች ሰጋቱራና የእንጨት ፍቅፋቂ ተቀብሮባቸው የተበከለው ውሃ በዚያ እንዲያልፍ የሚያደርጉ ናቸው። ነገር ግን ጥንቃቄ ይሻል፤ ኦክስጅን ሲያልቅ በአለቱ የነበረው ብረት፣ ማንጋኒዝና አርሰኒክ ሊሟሟ ይችላል። አንዱን አውጥተን ሌላውን እንዳናስገባ ቀድሞ የላቦራቶሪ ሙከራ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው በውሃው መንገድ ላይ የሚተከል አጣሪ ግድግዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 በካናዳ በቦርደን የተሞከረው ግድግዳ የብረት ፍቅፋቂ የተሞላበት ነበር፤ ውሃው ራሱ በስበት ሲያልፍ በካዩ ከብረቱ ጋር ተዋህዶ ይለወጣል። ፓምፕ የለም፣ መብራትም አይፈልግም። የብረት ፍቅፋቂ ለሚጥሉ አውደ ጥናቶች ብዛት አዲስ አበባ አታንስም። ለእኛ አለት ግን አንድ እንቅፋት አለ፤ ግድግዳው በቦይ የሚቆፈር ስለሆነ ለአሸዋማ ምድር እንጂ በብዙ መቶ ሜትር ለሚሰነጠቅ ባዛልት አይመችም። ስለዚህ ለእኛ ትክክለኛው ቦታ ጥልቀት የሌለው ውሃ ራሱ ወደ ላይ የሚወጣበት የምንጭ አፍና የወንዝ ዳርቻ ይመስለኛል። ከ2011 ጀምሮ በሸገር የወንዝ ዳርቻዎች ልማት ሲካሄድ አፈሩ ተቆፍሯል፣ ድንጋዩም ተደርድሯል። ወደፊት በሚቆፈሩት ዳርቻዎች ከድንጋዩ ጀርባ አንድ ሜትር የሰጋቱራ ንብርብር መጨመር ለተመራማሪ ታላቅ ሙከራ፣ ለከተማው ግን ትንሽ ወጪ ነው።

ከእነዚህ የሚለይ ሌላ ጉዳይ አለ። በስምጥ ሸለቆ ውሃውን የሚጎዳው ፍሎራይድ ከአለቱ ራሱ የሚወጣ ነው። ምንጩ ምድር ስለሆነ የሚዘጋ ቧንቧ የለውም፤ ስለዚህ ውሃውን ከመጠጣት በፊት፣ ለምሳሌ በአጥንት ከሰል፣ ማጣራት ግድ ነው። የአዲስ አበባ ብክለት ግን ከእኛ እጅ የወጣ ነው። የሚዘጋ ምንጭ አለው።

ቅደም ተከተሉ

እንግዲህ የተበከለ የከርሰ ምድር ውሃን የማጽዳት መጪ ዘመን ለአዲስ አበባ ምን ይመስላል? እኔ በአራት ደረጃ አየዋለሁ፤ ቅደም ተከተሉም ከዘዴው ይበልጥ ዋጋ አለው።

አንደኛ፣ ምንጩን መዝጋት። የፍሳሽ መስመር መዘርጋትና የቃሊቲውን የመሰሉ ማጣሪያዎችን ማስፋፋት በበጀት መዝገብ ላይ «ፍሳሽ» ተብሎ ይጻፋል፤ በውጤቱ ግን ከማንኛውም ማጽጃ የበለጠ ናይትሬት የሚያስቀር ሥራ ነው። ቆሻሻ መጣያዎችም እንዲሁ። ቆሼ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ወለሉ ሳይሸፈን ቆሻሻ ሲደፋበት የኖረ ቦታ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ተንዶ ከመቶ በላይ ወገኖቻችንን ቀበረ። ያን ቀን ያየነው ከላይ የተናደውን ነው፤ ከሥሩ የሚንጠባጠበው አሁንም ክትትል ይሻል።

ሁለተኛ፣ አቋራጮቹን መድፈን። ጥልቅ ጉድጓድ ሲቆፈር በቧንቧውና በአለቱ መካከል ያለው ክፍተት በሲሚንቶ ካልታሸገ የላዩ የተበከለ ውሃ ያለ ማጣሪያ ወደ ታችኛው ይወርዳል። ደርቆ ወይም ተበላሽቶ የተተወ ጉድጓድም ክፍት ቱቦ ነው። አንድን የተተወ ጉድጓድ በአግባቡ ለመድፈን የሚያስፈልገው ጥቂት ኩንታል ሲሚንቶና የአንድ ሳምንት ሥራ ነው። ሳይደፈን የሚያደርሰውን ጉዳት ለማስተካከል ግን ትውልድ አይበቃም።

ሦስተኛ፣ ውሃውን እንደ ጠባዩ መጠቀም። በመሐል ከተማ ያለው ናይትሬት የበዛበት ውሃ ለመጠጥ ባይሆንም ለሽንት ቤት፣ ለአትክልትና ለግንባታ ይሆናል። ለመሠረት ተቆፍሮ ወደ ቦይ የሚደፋው ውሃ እንኳ ተመርምሮ ለዚህ ቢውል በየቀኑ የምናባክነው ይቀንሳል።

አራተኛና የመጨረሻ፣ ማጽዳት። ይህንንም በሁሉም ቦታ ሳይሆን ብክለቱ ጠንካራ፣ ቦታው ውስን፣ ከታቹ ያለውም ውሃ የሚጠጣ በሆነበት።

አቃቂን በመጨረሻ ያነሣሁት አስቤበት ነው። ከላይ የለቀቅነው ሁሉ የሚያመራው ወደዚያ ነው። ውሃው መንገድ ላይ የሚቆይበት ጊዜ ለእኛ እንደ ብድር ነው፤ ዛሬ በጉድጓዶቹ የሚቀዳው ከፊሉ ከተማዋ ሳትሰፋ የዘነበ ዝናብ ነው። በዚህ ምክንያት የዛሬ ምርመራ ንጹሕ መሆኑ የነገውን አይመሰክርም። የእኛ ዘመን ዝናብ ገና በመንገድ ላይ ነው።

ሕጉና ባለዕዳው

ሕግ አልጎደለንም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 በንጹሕና ጤናማ አካባቢ የመኖር መብትን አስፍሯል። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ውሃን የሕዝብ ሀብት አድርጎ አጠቃቀሙን በፈቃድ አስሯል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ የበከለ እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲሸፍን ያዛል። የጎደለን ማስረጃ ነው። ከመበከሉ በፊት ያልተለካ ውሃ በማን እንደተበከለ በፍርድ ቤት ማረጋገጥ አይቻልም። ስለዚህ መለካት የሕጉ የመጀመሪያ አንቀጽ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ውድ ተማሪዎች፣ እዚህ ላይ ወደ እናንተ እመለሳለሁ። አንድ የመመረቂያ ጽሑፍ የአንድን ሠፈር ጉድጓዶች ሊመዘግብ ይችላል፤ ቦታውን፣ ጥልቀቱን፣ የውሃውን ከፍታ፣ ናይትሬቱን፣ የኤሌክትሪክ አስተላላፊነቱን። ክረምት ሲወጣ አንድ ጊዜ፣ በበጋ ማብቂያ አንድ ጊዜ። ከአትላስ ጀምሩ። የሚቀጥለው ተማሪ ከእናንተ ያቆመበትን ይቀጥል። ከአሥር ዓመት በኋላ ይህች ከተማ በሠለጠነ መሣሪያ ልታጸዳ ስትነሣ የመጀመሪያው ጥያቄ «ቀድሞ እንዴት ነበር?» የሚል ይሆናል። መልሱ በእናንተ ደብተር ውስጥ ይገኝ።



ከተነሡት ጥያቄዎች

*አንዲት ተማሪ፦* ፕሮፌሰር፣ የጉድጓድ ውሃን አፍልተን ብንጠጣ አይበቃም? ብዙ ሰው እንደዚያ ያደርጋል።

*መልስ፦* ጥሩ ጥያቄ ነው። ማፍላት ጀርሞችን ይገድላል፤ ለዚያ ይመሰገናል። ናይትሬትና ክሮሚየም ግን ሕይወት የላቸውምና አይሞቱም። ውሃው ሲፈላ ከፊሉ ስለሚተን የቀረው ውስጥ መጠናቸው እንዲያውም ይጨምራል። ክሎሪንም አያስወግዳቸውም። በተለይ ለሕፃን ወተት የሚበጠበጥበት ውሃ ከመሐል ከተማ ጥልቀት የሌለው ጉድጓድ መቀዳት የለበትም። አስቀድሞ ማስመርመር ነው የሚሻለው።

*አንድ የአካባቢው ነዋሪ አባት፦* ልጄ፣ እኔ ግቢዬ ውስጥ ጉድጓድ አለኝ። ውሃ በጠፋ ጊዜ ጎረቤት ሁሉ ጄሪካን ይዞ ይመጣል። የነገርከንን ሰምቼ ዝጋው ልትለኝ ነው? ብዘጋውስ ሰዎቹ ምን ይጠጣሉ?

*መልስ፦* አባቴ፣ ዝጉት አልልዎትም። የጎረቤት ጥም የዛሬ ነው፤ እኔ የምናገረው የነገ ነው፤ ሁለቱን ማጣላት አይገባም። ሦስት ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ። የጉድጓዱን አፍ ከመሬት ከፍ አድርገው በሲሚንቶ ያሽጉት፣ ክዳንም ያብጁለት። የሽንት ቤትዎ ጉድጓድ በየትኛው በኩል እንዳለና ምን ያህል እንደሚርቅ ያጣሩ፤ ከውሃው በላይ በዳገቱ በኩል ከሆነ ሳይሞላ በጊዜ ያስመጥጡት፣ መስመር ሲመጣም ቀድመው ይገናኙ። ውሃውን ደግሞ ያስመርምሩ፤ ውጤቱ ለመጠጥ አይሆንም ካለ ለሚቀዱት ጎረቤቶች ይንገሯቸው፤ ለልብስና ለዕቃ እጥበት ይሆናቸዋል፣ የቧንቧውንም ለመጠጥ ይቆጥባሉ። ከተማሪዎቻችን ለምርመራው የሚመጡ ካሉም በርዎን ክፈቱላቸው። የአትላስ መዝገብ የመጀመሪያ ገጽ የእርስዎ ጉድጓድ ቢሆን ደስ ይለኛል።